ፕሮፌሰሩን ሳልነግራቸው ለጀርመን አመለከትኩ

ጥያቄ፦

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ29 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው አምስት ኪሎ አካባቢ ከእናቴ ጋር ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሞለኪውላር ባዮሎጂ ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ ተቀጥሬ የፒሲአር (ጥቂት ዲኤንኤ አባዝቶ የሚለይ) ምርመራ እሠራለሁ። ሥራው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ናሙና ማሽን ውስጥ ሳስገባና ውጤት ሳትም መዋሉ ሰልችቶኛል። የምፈልገው ምርምር ነው።

የማስተርስ ጥናቴን ያማከሩኝ ፕሮፌሰር ለእኔ እንደ አባት ናቸው። አባቴ ያረፈ ጊዜ እስከ ሰልስት ድረስ ከድንኳናችን ያልተለዩ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት የመግቢያ ፈተናውን አልፌ እዚሁ አዲስ አበባ ለዶክትሬት ተቀባይነት ሳገኝ «ቦታሽን ይዤልሻለሁ» አሉኝ፤ ለእኔ ብለውም ሌላ ተማሪ መለሱ። ርዕሱን እወደዋለሁ። በፈጣን የወባ መመርመሪያ ኪት ሳይታዩ ስለሚያመልጡ የወባ ተውሳኮች ነው። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ግራንቱ «ሊለቀቅ ነው» ከተባለ ቆይቷል። በማስተርሴ ጊዜ ያዘዝናቸው ፕራይመሮች (ለፒሲአር የሚያስፈልጉ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) የደረሱት ከወራት በኋላ ነበር፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ፣ ፍሪዘሩ ቀልጦ ተበላሸና ከሌላ ክፍል ተበድሬ ነው ሥራዬን የጨረስኩት።

መስከረም ላይ ለአንድ የጀርመን የዶክትሬት ፕሮግራም አመለከትኩ። ፕሮፌሰሩን አልነገርኳቸውም። ሪኮመንዴሽን የጻፉልኝ ሌሎች ሁለት መምህራን ናቸው፤ እንዳይነግሯቸውም ለምኛቸዋለሁ። አይሳካም ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ለቃለ መጠይቅ ተመርጠሻል የሚል ኢሜይል ደረሰኝ፤ ቀኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ካለፍኩ ሙሉ ወጪዬን ይችላሉ።

እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ኢንሱሊኗን የምወጋት እኔ ነኝ። ወንድሜ ባለትዳር ሆኖ ሐዋሳ ይኖራል፤ እህቴ ቤሩት ናት። እናቴ «ሂጂ ልጄ፣ እኔ ምን እሆናለሁ» ትለኛለች፤ ሌሊት ግን የተኛሁ መስሏት ስታለቅስ እሰማታለሁ። ወንድሜ ደግሞ «ከሄድሽ እንዳትመለሺ» ይለኛል። ቃለ መጠይቁን ልተወው? ወይስ ዝም ብዬ ልሞክርና ካለፍኩ ያን ጊዜ ልንገራቸው? ትምህርቱ ሲያልቅ 33 ዓመት ሊሞላኝ መሆኑም ያስፈራኛል።

ሕ. ነኝ፣ ከአምስት ኪሎ

መልስ፦

እህቴ ሕ.፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጥያቄሽ ስለ ቃለ መጠይቁ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ገንዘብም ስለ ዕድሜም ጀምረሽ ተመልሰሽ የምታርፊው ፕሮፌሰሩ ላይ ነው። ስለዚህ እኔም ከእሳቸው ብጀምር የተሻለ ይመስለኛል።

አስቀድሜ ግን አጭሩን መልስ ልስጥሽ፤ ቃለ መጠይቁን አትተዪው። ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ውል መፈረም አይደለም፤ እነሱ አንቺን የሚመዝኑበት፣ አንቺም እነሱን የምትመዝኝበት አንድ ሰዓት ነው። ይሉኝታ ይዞሽ ብትቀሪ የምሰጋልሽ ዕድሉ ስላመለጠሽ ብቻ አይደለም። ወደፊት እዚህ ፍሪዘሩ በቀለጠና ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) በዘገየ ቁጥር ፕሮፌሰሩን በልብሽ ትቀየሚያቸዋለሽ፤ እሳቸው ደግሞ ምን እንዳጠፉ እንኳ ሳያውቁ ፊትሽ ሲጠቁርባቸው ያያሉ። እንደ አባት የምታከብሪያቸውን ሰው ለዚህ ዓይነት ቅያሜ ማጋለጥ ሳትነግሪያቸው ከማመልከት የሚከፋ ይመስለኛል።

ዝም ብለሽ ሞክረሽ ካለፍሽ በኋላ መንገርን ግን አልመክርሽም። በአዲስ አበባ በሞለኪውላር ባዮሎጂ የሚሠራው ሰው ቁጥር ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ ሰፈረ ሰላም ያለው፣ ጥቁር አንበሳ ያለው፣ ፓስተር ያለው፣ ዘነበወርቅ ያለው ተመራማሪ በተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ላይ ይገናኛል፤ ሪኤጀንት ሲያልቅበትም እርስ በርሱ ይበዳደራል። ምስጢርሽን ከወዲሁ ሁለት መምህራን ያውቁታል። እነሱ ቃላቸውን ቢጠብቁ እንኳ፣ ጀርመኖቹ «የማስተርስ አማካሪሽ ለምን አልጻፉልሽም?» ብለው ቢጠይቁሽ ምን ልትመልሺ ነው? እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠብቁት በቅድሚያ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከተቆጣጠረው ሰው ስለሆነ፣ ጥያቄው ቢነሣ አይግረምሽ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ያ የተመለሰው ተማሪ አለ። ዛሬ ብትናገሪ ምናልባት ያ ልጅ ገና ሌላ ቦታ አልያዘም፤ ከሦስት ወር በኋላ ብትናገሪ ግን ፕሮፌሰሩ አንቺንም እሱንም ሊያጡ ይችላሉ። አስቀድሞ መንገሩ እሳቸውን ይጠቅማል የምልሽ ለዚህ ነው።

እንዴት ልንገራቸው ካልሽ፣ በስልክም በኮሪደርም አይሁን፤ ሰው አማላጅም አትላኪ። ቀጠሮ ያዢና ቢሯቸው ግቢ፤ ቢቻል በዚህ ሳምንት ውስጥ ይሁን። ብዙ መግቢያ ሳታበዢ እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፦ «ፕሮፌሰር፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት። መስከረም ላይ ለጀርመን አመልክቼ ነበር፤ ለቃለ መጠይቅ ጠርተውኛል። ቀድሜ ስላልነገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያፈርኩት እርስዎን ስለማከብር ነው። የእርስዎን ፕሮጀክት ትቼዋለሁ ማለቴ ግን አይደለም፤ ሁለቱንም በሚገባ አይቼ መወሰን እፈልጋለሁና ምክርዎን እሻለሁ።» ከዚያ በኋላ ዝም በዪና ይናገሩ። ቅር ቢላቸው ቅሬታቸውን ለማብረድ ብለሽ እዚያው «በቃ ትቼዋለሁ» እንዳትዪ፤ በዕንባ መሐል የተሰጠ ቃል ኋላ ለሁለታችሁም ሸክም ይሆናል። ተቆጥተው «እንግዲያው ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» ቢሉሽም መብታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ቢያንስ የቆምሽበትን ታውቂያለሽ። እኔ ግን እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልገምትም። በዚህ ሙያ ከእሳቸው ትውልድ አብዛኛው ሰው ዶክትሬቱን የሠራው በሙሉ ወይም በከፊል ባሕር ማዶ ነው፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው የአንድ ሰው ቢሮ በር ላይ ቆመው ልባቸው ሳይመታ አልቀረም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪው። የምትፈሪው ቁጣቸውን ነው ወይስ «ሂጂ፣ መርቄሻለሁ» ማለታቸውን? አንዳንድ ጊዜ ይሉኝታ ጥሩ መጠጊያ ይሆናል፤ ሰው ከለከለኝ ማለት ራሴ ፈራሁ ከማለት ይቀላልና። እንደዚያ ከሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ነገር ግን የፈራሽው ምን እንደሆነ ለይተሽ ማወቅ ይኖርብሻል።

አሁን ወደ ሁለቱ መንገዶች እንምጣ። በቅድሚያ እዚህ አዲስ አበባ የተሰጠሽን ዕድል «ውጭ ካልተሳካልኝ» የሚባል ትርፍራፊ አድርገሽ እንዳታዪው እፈልጋለሁ። ርዕስሽ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በብዛት ስንጠቀምበት የቆየነው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተሰኘ ፕሮቲን ነው፤ ጂኑ የጠፋበት ተውሳክ ፕሮቲኑን ስለማያመነጭ፣ በሽተኛው ትኩሳት እያቃጠለው «ወባ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ጎረቤታችን ኤርትራ በዚሁ ምክንያት የመመርመሪያውን ዓይነት እስከ መቀየር ደርሳለች፤ በእኛም አገር ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ ክልሎች በተሰበሰቡ ናሙናዎች ችግሩ መኖሩን የሚያሳይ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ናሙናው ያለው እዚህ ነው፤ በሽተኛውም የጤና ኬላውም እዚህ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ አሜሪካ ተምረው ከመጡ በኋላ ስማቸውን ያስጠራውን ሥራ ያገኙት በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው። ዛሬ ሰፈረ ሰላም ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስማቸው ይጠራል። እሳቸውን ያነሣሁት ሄደውም የተመለሱ፣ ጥያቄያቸውንም ከዚሁ ያገኙ ሰው ስለሆኑ ነው፤ የወንድምሽ «ሄደሽ እንዳትመለሺ» ብቸኛው መንገድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥሩ ርዕስና ጥሩ ሰው ብቻቸውን ዶክትሬት አያስጨርሱም። ፕሮፌሰሩ ቢወዱሽም፣ ፍቅራቸው ኢንዛይም አይገዛም። ስለዚህ በዚያው ቀን ካልሆነ በሌላ ቀጠሮ፣ በአክብሮት ግን ሳትሸፋፍኚ ስለ ገንዘቡ ጠይቂያቸው። ግራንቱን የሚሰጠው ማን ነው፤ ውሉስ ተፈርሟል ወይስ ገና ውሳኔ የሚጠበቅበት ማመልከቻ ነው? በጀቱ የጸደቀው በብር ነው ወይስ በውጭ ምንዛሪ? ይህን የምልሽ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ከዚያ በፊት በብር የተያዘ በጀት ዛሬ በዶላር የሚገዛውን ሪኤጀንት ግማሹንም ላይሸፍን ስለሚችል ነው። አሁን በፍሪዘሩ ውስጥ ምን አለ፤ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቀው የተቀመጡት የደም ጠብታዎችስ ስንት ናቸው፤ የሥነ ምግባር ፈቃዳቸው አንቺ ልትሠሪው ያሰብሽውን ሥራ ይሸፍናል? ግራንቱ ቢዘገይ የመጀመሪያውን ዓመት ባለው ነገር ምን መሥራት ይቻላል? ጄኔሬተሩ ቅዳሜና እሑድ የሚያስነሣው ሰው አለው? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ኢንዛይም ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው፤ አንቺም በደረሰብሽ ታውቂዋለሽ። ደግሞስ አንቺ በምን ትኖሪያለሽ? ሥራሽን ይዘሽ በትርፍ ጊዜሽ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ ላቦራቶሪ ውለሽ ማታ ጄል ልታስሮጪ፣ ማለትም ዲኤንኤ በመጠኑ ስትለዪ ልታመሺ ነው ማለት ነው፤ ይህን ለጥቂት ወራት ትችይው ይሆናል፣ ለአራት ዓመት ግን እንጃ።

ከተነጋገራችሁ በኋላ «የተነጋገርነውን እንዳልረሳው ብዬ ነው» ብለሽ ዋና ዋናውን ነጥብ በአጭር ኢሜይል ላኪላቸው። እሳቸውን አለማመን አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው ገንዘቡን የሚጠብቁት ከሌላ ነው። የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ ደግሞ ይኸውልሽ፤ የምርምሩ ገንዘብ በጽሑፍ ያልተረጋገጠ ዶክትሬት፣ አማካሪው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ አልመርጥልሽም። ገንዘቡ ከተረጋገጠና ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ውጭ ባለ አጋር ላቦራቶሪ የምትሠሪበት፣ ሳንድዊች የሚባለው ዝግጅት ካለው ግን፣ ለአንቺ ሁኔታ ከጀርመኑ አያንስም፤ እንዲያውም እናትሽን ሳስብ ይበልጣል ብዬ አስባለሁ። ፕሮፌሰሩ ከዘነበወርቁ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ወይም ከኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር በጋራ የሚሠሩት ነገር ካለም ጠይቂ፤ ፍሪዘሩና ማሽኑ የግድ በአንድ ግቢ ውስጥ መሆን የለበትም።

የጀርመኑን በተመለከተ፣ «ሙሉ ወጪ ይችላሉ» የሚለውን ቃል እንዳለ አትቀበዪው፤ ዘርዝረሽ ጠይቂ። እዚያ አገር የዶክትሬት ተማሪ በሥራ ውል ተቀጥሮ ደመወዝ ሊከፈለው ይችላል፤ አለበለዚያም ስታይፔንድ፣ ማለትም የመኖሪያ ድጎማ፣ ይሰጠዋል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሥራ ውል የተቀጠረ ሰው የጤናና የጡረታ ዋስትናው ከደመወዙ ጋር የተያያዘ ነው፤ በስታይፔንድ የሚኖረው ግን ብዙውን ጊዜ የጤና መድኑን ራሱ ያስባል። ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪው ገንዘብ ከዚህ ላይ ስለሚነሣ፣ እጅሽ ላይ የሚቀረው ስንት እንደሆነ የማወቅ መብት አለሽ። ቀጥሎ የምትገቢው በቀጥታ ወደ አንድ ላቦራቶሪ ነው ወይስ መጀመሪያ በተለያዩ ላቦራቶሪዎች እየተዘዋወርሽ ሠርተሽ ትመርጫለሽ? በአሜሪካ የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች የመጀመሪያውን ዓመት መዘዋወር የተለመደ ነው፤ በአውሮፓ ግን አብዛኛው ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለአንድ ፕሮፌሰርና ለአንድ ርዕስ የተመደበ ነው። በቀጥታ የምትገቢ ከሆነ አንድን ሰው በስክሪን ብቻ አይተሽ ለብዙ ዓመት መጠጋትሽ ነውና፣ አሁን በዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ካሉ ተማሪዎች ጋር አለቃቸው በሌለበት እንድትነጋገሪ ጠይቂ። ደህና ላቦራቶሪ በዚህ አይቀየምም። ተማሪዎቹን ስታገኚ ከአማካሪያቸው ጋር በሳምንት ወይም በወር ስንት ጊዜ እንደሚገናኙ፣ ከአማካሪው ሌላ ሥራቸውን የሚከታተል ኮሚቴ መኖሩን፣ ከእነሱ በፊት የነበሩት በስንት ዓመት እንደጨረሱ ጠይቂያቸው፤ በወረቀት ላይ ሦስት ዓመት የተባለው አራትና ከዚያ በላይ ሲሄድ ይታያልና። ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አገር መመለስ ምን ያህል እንደሚቻልም ሳታፍሪ አንሺ።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባና ጀርመን ብቻ አይደሉም ያሉሽ። ናይሮቢ ከቦሌ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተቋም በሞለኪውላር ባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ ዶክትሬት ያስተምራል፤ ኢሲፔ የሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከልም ከመላው አፍሪካ የዶክትሬት ተማሪዎችን ይቀበላል፤ የወባ ትንኝም የሥራው አንድ ክፍል ነች። ጋና ውስጥ ሌጎን ያለው የተላላፊ በሽታዎች ሴል ባዮሎጂ ማዕከልም በወባ ላይ በርትቶ ይሠራል። በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ደግሞ፣ እንደ አንቺ ያሉ ሴቶች በሌላ ታዳጊ አገር ዶክትሬት እንዲሠሩ የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ጥሪው አሁን ክፍት መሆን አለመሆኑን ከድርጅቱ ድረ ገጽ ተመልከቺ። ይህን ያነሣሁት ተጨማሪ ጭንቀት ልሰጥሽ አይደለም፤ ቃለ መጠይቁ ባይሳካ ሁሉም በር ተዘጋ ብለሽ እንዳታስቢ ነው።

ስለ ዕድሜሽ ብዙ አልልም። በዚህ ሙያ በ33 ዓመት ዶክትሬት መጨረስ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ይልቅ ልትጠነቀቂለት የሚገባሽ ሌላ የጊዜ ቆጠራ አለ፤ አንዳንድ የነፃ ትምህርት ዕድሎች የሚቆጥሩት ከልደት ሳይሆን ከምረቃ ጀምሮ ነው። ለምሳሌ ዳአድ የሚባለው የጀርመን የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጪ ድርጅት በአብዛኛው የሚፈልገው የመጨረሻ ዲግሪያቸውን ከያዙ ከስድስት ዓመት ያልበለጣቸውን ነው። አንቺ ሦስቱን ጨርሰሻል። «ግራንቱ ሊለቀቅ ነው» እየተባለ ሁለትና ሦስት ዓመት ብትጠብቂ የሚጠበው ይህ በር ነውና፣ ለፕሮፌሰሩ ፕሮጀክት የምትጠብቂበትን የመጨረሻ ወር ከአሁኑ ለራስሽ ወስኚ።

የእናትሽ ጉዳይ ከሁሉም የሚከብድ ሆኖ ሳለ እዚህ ማምጣቴ አቃልዬው አይደለም። «ማን ይወጋታል?» የሚለው ጥያቄ መልስ እስካላገኘ ድረስ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ራሷ መውጋት ትችል እንደሆነ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? በእሷ ዕድሜ ያሉ፣ ዓይናቸውና እጃቸው ደህና የሆነ ብዙ እናቶች ራሳቸው ይወጋሉ፤ አንቺ ስላለሽላት ብቻ አልተማረችው ይሆናል። ለክትትል በምትሄድበት ቀን አብረሽ ሂጂና የስኳር ክሊኒኩን ነርስ እንድታሠለጥናት ጠይቂ፤ ካልቻለች ደግሞ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ማን ሊማር እንደሚችል አስቢ። ከዚያም አንቺ ገና እዚሁ እያለሽ ለሁለት ሳምንት ያህል እጅሽን ሰብስበሽ ተመልከቺ፤ ልኬቱን እየመዘገባችሁ ሂዱ፤ ሳይሆን ቢቀር እዚሁ አለሽ። ወንድምሽንም ከሐዋሳ ጥሪው። «እንዳትመለሺ» ለማለት የደፈረ ወንድም «እናታችንን በወር ስንት ጊዜ መጥተህ ታያለህ?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ሊኖረው ይገባል። እህትሽም በስልክ ትግባ፤ ከሩቅ ሆና የምትችለው ምናልባት ለአንዲት ረዳት ደመወዝ መክፈል ይሆናል።

የሌሊቱን ልቅሶዋን በተመለከተ፣ እንዳልሰማሽ መስለሽ ከምትኖሪ ሁለታችሁ ብቻ በሆናችሁበት ሰዓት፣ ቀን ላይ ብታነሺባት ይሻላል። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሽ ግን አትጠይቂያት፤ እናት ለዚህ ጥያቄ ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ነግራሻለች። «ብሄድ ከሁሉ የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ምናልባት የምትፈራው ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ብቻዋን መሆንን ነው፤ ያ መፍትሔ ያለው ነገር ነው። ምናልባት ደግሞ ቤሩት እንዳለችው እህትሽ አንቺንም ማጣት ነው፤ ለዚያ የሚሆን ነርስ የለም፤ መጥተሽ የምታያትን ጊዜ ከልብሽ አስበሽ ከመንገር በቀር።

ለቃለ መጠይቁ ራሱ ጥቂት ነገር ልጨምር። ሰዓቱን በሚገባ አጣሪ፤ ጀርመን በክረምታቸው ወራት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ በእነሱ ጠዋት 4 ሰዓት ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሲሉሽ በእኛ ስድስት ሰዓት ቀትር ላይ ነው፤ ኢሜይሉ የየትኛውን አገር ሰዓት እንደሚል ጽፈሽ አረጋግጪ። ከቤት ሳይሆን ጄኔሬተርና አስተማማኝ ኢንተርኔት ካለው ቦታ ግቢ፤ ስልክሽ ላይም ዳታ ይኑር። የማስተርስ ሥራሽን እንድታቀርቢ መጠየቅሽ ስለማይቀር ስላይዱን አሳጥሪና ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። የቀለጠውን ፍሪዘር ታሪክ ደግሞ አትደብቂ። ጠያቂዎች ብዙውን ጊዜ ማወቅ የሚፈልጉት ነገር ሲበላሽ ምን እንደምታደርጊ ነው፤ የተበደርሽው ኢንዛይም መሥራቱን በየትኛው ፖዘቲቭ ኮንትሮል (ተውሳኩ እንዳለበት በሚታወቅ ናሙና) እንዳረጋገጥሽ፣ ኔጋቲቭ ኮንትሮሉ (ተውሳክ እንደሌለበት የሚታወቀው) ንጹሕ ሆኖ መውጣቱን እንዴት እንዳየሽ በሁለት ደቂቃ ብትነግሪያቸው፣ ከውጤትሽ ይልቅ ይህ ሊያስታውሳቸው ይችላል። ፕሮፌሰሩን ቀድመሽ ከነገርሻቸው ደግሞ በመለማመጃው ቀን ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው ከባድ ከባዱን የሚጠይቁሽ እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑ አይገርመኝም።

የወረቀቱን ነገር አታቆዪው። የመጀመሪያ ዲግሪሽን የወጪ መጋራት ክፍያ ካልጨረስሽ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክ ያስቸግርሻል፤ የዲግሪ ማረጋገጫውም የቪዛ ቀጠሮውም እያንዳንዱ ጊዜ ይበላል። የትም ብትማሪ የሚያስፈልግሽ ወረቀት ነውና፣ ከፕሮፌሰሩ ቢሮ በወጣሽ ማግስት ሬጅስትራር ሄደሽ ምን እንደቀረሽ ጠይቂ።